ከቡፌው ጎን አራት ቀለሞች

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ እንዲህ ነበር። ርዝመቱ አራት ሜትር ከሰማንያ፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከስልሳ። ግድግዳዎቹ ድሮ ነጭ ነበሩ፤ አሁን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላሉ። በመስኮቱ በኩል ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ባለ አንድ መቀመጫ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ደግሞ ቡፌው ቆሟል፤ ከታች አራት መዝጊያ ያለው ሳጥን፣ ከላይ ባለ መስታወት መደርደሪያ፣ በሁለቱ መካከል ከወለሉ ልክ ዘጠና ሴንቲ ሜትር ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ።

ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ የወረቀት ፕላስተር ከዚያ ጠርዝ ጋር አስተካክላ ግድግዳው ላይ ወደ ግራ ለጠፈችው። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ጠርዙና ፕላስተሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሆነዋል። ማስመሪያ አስጠግታ ደግማ አየች። ልዩነት የለም።

በትምህርት ቤትም በቤትም «ሚሊ» ይሏታል፤ የሚሊ ሜትር ቁልምጫ መሆኑ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች እጇን አውጥታ፣ መምህሩ የሰቀለው ካርታ በግራ በኩል ዝቅ ብሏል ብላ ትምህርት አስቁማ ነበር። መምህሩ ለካና ልክ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም።

ያን ቀን ግድግዳው ላይ አራት ካሬዎች ቀባች። እያንዳንዳቸው አርባ በአርባ ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው ጠርዛቸው ፕላስተሩ ላይ ያረፈ። አንደኛው ክሬም፣ ሁለተኛው ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው አመድማ አረንጓዴ፣ አራተኛው የሸክላ ቀለም። ቀለሙ ሲደርቅ ፕላስተሩን ላጠችው። በደብተሯም ላይ አራት ዓምድ አሰመረች፤ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ እያየች የምትጽፍበት።

ይህን ሁሉ የምትደክመው ለምትጠላቸው ዕቃዎች ነው።

ዕቃዎቹ የአክስቷ ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ እህት። እናቷን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ በዚህ ቤት «እትዬ፣ አይሆንም» የሚባል ነገር የለም። አክስት ትልቁን ቤታቸውን ለቀው አንዲት ጠባብ ክፍል ሲገቡ፣ ዕቃዬን ለባዳ አልሰጥም ብለው ወደ እህታቸው ሳሎን ላኩት። ስጦታ ነው አሉ። ስጦታቸውን ግን በየቅዳሜው እየመጡ ይቆጣጠሩታል፤ በጣታቸው አቧራ ይፈትሻሉ፣ ከሶፋው ዘርፍ የተበጠሰ ክር ካለ ይቆጥራሉ። በመጡ ቁጥርም አንድ ሁለት ካርቶን የሸክላ ሳህን ይዘው ይመጣሉ፤ ቡፌው ሙሉ ካልሆነ ቡፌ አይባልም ባይ ናቸው።

ሚሊ ዕቃዎቹን የጠላቻቸው ገና ደረጃውን ሲወጡ ነው። ሶፋው ጥቁር ቀይ ከፋይ ለብሷል። ለጓደኛዋ ስትነግራት «የከረመ ጉበት» ብላዋለች። እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ ሆነው የተቀረጹ ናቸው፤ በዚያ ላይ ጥፍር አላቸው። ቡፌው ደግሞ ከመጥቆሩ ብዛት በጠራራ ፀሐይ እንኳን ክፍሉን ያጨልመዋል። ቀድሞ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ወለል ላይ በሆዷ ተኝታ ታጠና ነበር። አሁን ቦታውን ሶፋው ይዞታል።

ስለዚህ ዋሸች። ዕቃው በገባ በሁለተኛው ሳምንት ትንኝ ክንዷን ሲበላት አደረ። ጠዋት እብጠቱን ለእናቷ አሳይታ «ሶፋው ትኋን አለው» አለች። እናቷ ደንግጣ ለአክስት ደወለች። አክስት ስልኩን ዘጉት። በማግሥቱ መጥተው የሶፋውን ልብስ አንድ ሳይቀር ፈቱት፤ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሴትዮ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አጠቡት። ስፌቱን በመርፌ ጫፍ እየገለጡ ፈተሹ። አንድም ትኋን የለም። ሻይ እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ። ሚሊ በሩ ላይ ቆማ በውሃ የተጨማደዱ ጣቶቻቸውን አይታለች። አይታም ዝም አለች።

እናቷ ነገሩን አላነሳችባትም። ከሳምንት በኋላ ግን፣ ከምትሠራበት ፋርማሲ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ግድግዳው ሊቀባ ነው፣ ቀለሙን አንቺ ምረጪ አለቻት። «ግን አንቺ የምትወጂውን ሳይሆን ለዕቃው የሚሄደውን። ትችያለሽ?»

ሚሊ እችላለሁ አለች። መቻሏን ማሳየት ፈልጋለች።

ሰኞና ማክሰኞ ደብተሩ ጥሩ ሄደ። ክሬሙ ሶፋውን ያልታጠበ አስመሰለው። ሰማያዊው ቀዩን የባሰ አቀላው። ሸክላው ጠዋት ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ክፍሉን የምድጃ ውስጥ ያደርገዋል። አረንጓዴውን ገና አልጨረሰችውም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የካሬዎቹ የታችኛው ጠርዝና የቡፌው ጠርዝ አንድ መስመር አልነበሩም። ልዩነቱ ቅንድብ ከማንሳት አያልፍም፤ ሌላ ሰው ቢሆን አያየውም ነበር። እሷ ግን ገና በሩ ላይ ሳለች ዓይኗን ወጋው። ማስመሪያ አምጥታ ለካች። የቡፌው ጠርዝ ከቀለሙ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል።

ፕላስተሩን አጣምሜ ለጥፌው ነበር አለች በልቧ። ከዚያ የእሁዱን ልኬት አስታወሰች። ልዩነት የለም ብላ ጽፋለች። እሷ ደግሞ ያልለካችውን አትጽፍም።

ዓርብ ሦስት ሚሊ ሜትር ሆነ።

ቅዳሜ አክስት ሁለት ካርቶን ሳህን አሸክመው መጡ። ሳህኖቹን በእጃቸው እየጠረጉ ደረደሩ፤ ሲጨርሱ የቡፌውን መዝጊያ ከፍተው ለቀቁት። መዝጊያው ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ግድግዳው በኩል ተመልሶ ተዘጋ።

«አያችሁ?» አሉ ደስ ብሏቸው። «የድሮ እንጨት እንዲህ ነው። ራሱን ያውቃል።»

ሚሊ መዝጊያው ሲመጣ እንደዚያ እንዳልነበረ ታውቃለች። ባለፈው ወር ተከፍቶ ባለበት ይቆም ነበር፤ እንዲያውም ጉልበቷን ገጭቷታል። እሳቸው ሲወጡ እርሳስ አምጥታ ወለሉ ላይ በጎኑ አስተኛችው። እርሳሱ ትንሽ ቆየና ወደ ቡፌው መንከባለል ጀመረ፤ እየፈጠነ ሄደ፣ ቡፌው ሥር ገብቶም ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማችው። እሁድ ጠዋት ለካች። ስድስት ሚሊ ሜትር።

በሳምንት ሦስት የወረደ ቡፌ፣ በሁለት ካርቶን ሳህን በአንድ ቀን ሦስት ወረደ። ቡፌው ራሱ አላጠረም። የወረደው የቆመበት ነው።

ከሳሎናቸው በታች የልብስ ሰፊው ቤት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቷል ብላ ወረደች። ዚፑ ምንም አልሆነም፤ ደረጃው ላይ ቆማ ራሷ ነው የነቀለችው። ልብስ ሰፊው እንደ ወትሯቸው ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ተጠግተው የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። ትከሻቸው ላይ ሜትር፣ ጆሯቸው ላይ ጠመኔ። ፊታቸው የተዘረጋውን ጥቁር ካፖርት በቡሩሽ እየመቱ ነበር። ከካፖርቱ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሳል።

«ሚሊዬ፣ እስቲ ለእናትሽ ንገሪልኝ» አሉ ሳቅ እያሉ። «ፎቅ ላይ ወፍጮ ቤት ከፍታችሁ እንደሆነ፣ እኔንም በድርሻ አስገቡኝ።»

ዱቄቱ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። ወር ሆነው አሉ፤ አይጥ ይሆናል፣ ያረጀ ቤት መቼም አይጥ አያጣም። ሚሊ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ከጎኑ ኮርኒሱ እንደ እርጥብ ወረቀት ሆድ አውጥቷል። በእርምጃዋ ለካች፤ ከበሩ እስከ መኪናው ስድስት እርምጃ፣ ከጎን ግድግዳ ሦስት። ወደ ቤት ወጥታም ያንኑ ተራመደች። ስድስተኛው እርምጃዋ ቡፌው ፊት አቆማት።

ቦታ ለምን አይቀይሩም ብላ ከመውጣቷ በፊት ጠይቃቸው ነበር። «የት ልሂድ? ሶኬቱ እዚህ ጋ ብቻ ነው» ብለዋታል። «አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚችው ነኝ። መቀመጫው እንኳን በእኔ ቅርጽ ወጥቷል።»

ረቡዕ ስምንት ሚሊ ሜትር። በዕረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ፣ ለቀጮ ነገረቻት። ቀጮ የምትባለው ወፍራም ስለሆነች ነው፤ ስሙንም ራሷ ነች ያወጣችው፣ ሌሎቹ ሳይቀድሟት። ቀጮ መጀመሪያ ሙድ ያዘችባት። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ይውረድልሽ አለች፤ ቡፌው ወርዶ ሶፋው ሲከተለው ግልግል ነው፣ አክስትሽም ከታች ሆነው ይጎብኙት። ሚሊ አልሳቀችም።

«ታች ማን ነው ያለው?» አለች ቀጮ፣ ሳቋ እየጠፋ።

«ልብስ ሰፊው።»

«የኔን ዩኒፎርም የሰፉት?»

«እሳቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ልክ ከሥሩ ነው የሚቀመጡት።»

ቀጮ የያዘችውን ዳቦ ወደ ወረቀቱ መለሰች። «አንቺ፣ ንገሪያቸዋ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ትኋን ነበር ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ወለሉ ሊወድቅ ነው ስላቸው ማን ያምነኛል? ዕቃውን እንደምጠላው የማያውቅ የለም።»

«አቦ፣ እኔ አምንሻለሁ።»

«አንቺ የሶፋው ባለቤት አይደለሽም።»

ሐሙስ ግን ሞከረች። እናቷ ራት ስትሠራ ጎኗ ቆማ፣ ቡፌው ወርዷል፣ ለክቼዋለሁ አለች። የደብተሩን ቁጥሮች አነበበችላት። እናቷ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ የዋለች ሴት ፊት ነበራት።

«አንዴ ትኋን፣ አንዴ ወለል» አለች። «ቀጥሎ ምንድን ነው የሚመጣው? ጅብ?»

«እማዬ፣ መጥተሽ እዪው ብቻ።»

ቡፌ እንጨት ነው፣ እንጨት ያብጣል ይሟሽሻል አለች እናቷ። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። ቅዳሜ እትዬ የእብነ በረዱን ጠረጴዛ ያስመጣሉ፤ ከቡፌው ጎን፣ ቀለሞቹ ካሉበት ፊት ነው የሚቆመው፤ ቀለም ቀቢውም ሰኞ ይመጣል። «እህቴ በዚያን ቀን ከዚህ ቤት እንዴት እንደ ወጡ አይተሻል። ሁለተኛ አላስከፋቸውም። ቀለምሽን ምረጪና ተይኝ።»

ሚሊ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከሁሉ የከነከናት እናቷ ያላለችው ነገር ነው። ማየት የምፈልገውን እያየሁ ቢሆንስ? ዓርብ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አምስት ጊዜ ለካች። በየልኬቱ መካከል ማስመሪያውን አስቀምጣ፣ ወጥታ፣ ተመልሳ። አራቱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ዘጠኝ ተኩል። ቡፌውን ብትወደውም ዘጠኝ ነው። አውቶቡስ በመንገዱ ሲያልፍ ሳህኖቹ እርስ በርስ ተነካክተው አንሾካሾኩ፤ አውቶቡሱ ከራቀ በኋላም ትንሽ ቆዩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀለሙን ገጽ ጨረሰችው። የቀራት ሦስተኛው ነበር። ወንበር ስባ ካሬውንና ሶፋውን እያፈራረቀች አየች፣ ጻፈችም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስራ አንድ ሚሊ ሜትር ሆኗል። ግድግዳው ላይ የቡፌው አናት የሚነካበት ቦታ ልስኑ ተፈርክሷል፤ ቡፌው ወደ ኋላ እየተደገፈ ነው። አራት ሰዓት ሲል ከታች የአክስት ድምፅ ተሰማ። ተሸካሚዎቹን እያዘዙ ነው። ጠርዙን አታስነኩት፣ በግራ፣ በግራ አልኩ።

ከልብስ ሰፊው ቤት የመኪናው ድምፅ በደረጃው መወጣጫ በኩል ይመጣል። ይቆማል፣ ይቀጥላል።

ሚሊ ደብተሯንና ማስመሪያዋን ይዛ ወጣችና በሩ መሃል ቆመች። አራት ወንዶች እብነ በረዱን በገመድ አስረው፣ ደም ሥራቸው ተገትሮ፣ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ይወጣሉ። አክስት ከፊት፣ እናቷ ከኋላ።

«አንቺ ልጅ፣ ከመንገድ ዞር በይ» አሉ አክስት።

«ትኋን አልነበረም» አለች ሚሊ።

የተናገረችው ጮክ ብላ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማ። ተሸካሚዎቹ እንኳን እርስ በርስ ተያዩ። ትንኝ ነው የነከሰኝ አለች፤ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት፣ ዕቃው ከዚህ ቤት እንዲወጣልኝ ብዬ። እርስዎ ያን ሁሉ ሲያጥቡ ቆሜ አይቼ ዝም አልኩ።  እናቷ በእጇ አፏን ይዛለች።

«ይህን አሁን ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ አክስት። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ቀጥሎ የምነግርዎትን እንዲያምኑኝ። እብነ በረዱ እዚሁ ደረጃው ላይ ይቀመጥ። ወለሉ እየወረደ ነው።»

ደብተሩን ዘረጋችላቸው። አክስት ለረጅም ጊዜ አልተቀበሏትም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ እትዬ ወይ እናስገባው ወይ እናስቀምጠው፣ ክንዳችን ረገፈ አለ። አክስት በእጃቸው አስቀምጡት የሚል ምልክት ሰጡና መነጽራቸውን አወጡ። ደብተሩን የገለጡት ከመጀመሪያው አልነበረም፤ በእጃቸው የገባው የቀለሙ ገጽ ነው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፅ አወጡ።

«ቁጥር ሦስት፣ አመድማ አረንጓዴ። ከቀኑ አስር ሰዓት። ቀዩ ይረጋል፣ ጥቁሩ እንጨት ይለሰልሳል። ዕቃው በዚህ ቀለም ያምራል።» የመጨረሻውን መስመርም አነበቡ። «አልወደውም፤ ግን ያምራል።»

 ከዚያ ገጹን ገልጠው የቁጥሮቹን ዓምድ ከላይ ወደ ታች በጣታቸው ተከተሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስራ አንድ።

«ማስመሪያውን ስጪኝ» አሉ።

ብቻቸውን ገቡ። ለሌላው ሰው ሁሉ በመዳፋቸው ባላችሁበት ቁሙ አሉት። በእያንዳንዱ እርምጃቸው ቡፌው ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያቃሰቱ ተንበረከኩ፣ ማስመሪያውን አስጠጉ፣ አንገታቸውን አዘንብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቡፌው ጀርባ ሰደዱ፤ መዳፋቸው የተፈረከሰ ልስን ሞልቶት ተመለሰ። ይህን ቡፌ ያለ ልብስ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም፤ አሁን ግን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት።

«ታች ያለው ማን ነው?»

«ልብስ ሰፊው» አለች ሚሊ። «መኪናቸው ልክ እርስዎ ያሉበት ሥር ነው።»

አክስት ቀስ ብለው፣ በግድግዳው በኩል እየተጠጉ ወደ በሩ ተመለሱ። ሳህኖቹን አንድ ሰው ብቻ እየገባ ያውጣ አሉ፤ ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው። እናቷ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። አክስት ወደ ሚሊ ዞሩ።

«ውረጂና ሰውየውን አስነሺ። ስለ ትኋኑ ገና አልጨረስንም።»

ሚሊ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ልብስ ሰፊው የጥቁሩን ካፖርት እጅጌ እየገጠሙ ነበር። ተነሱ፣ ከላይ ያለው ሊወድቅ ይችላል አለቻቸው። አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ኮርኒሱ አዩ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስና» ብለው እግራቸውን ፔዳሉ ላይ መለሱ፤ መኪናው መጮህ ጀመረ።

ካፖርቱ ላይ አዲስ ነጭ ዱቄት ሲወርድ አየች። ብትጮህባቸው ይስቃሉ፤ ብትለምናቸው እጅጌውን ይጨርሳሉ። በመኪናው ሥር አልፋ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ሶኬቱን ነቀለች። መኪናው ጸጥ አለ። ገመዱን በእጇ ላይ እየጠቀለለች ወደ በሩ ሄደች፣ ቆማም ጠበቀቻቸው። ልብስ ሰፊው አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። እስከ ዛሬ ሶኬታቸውን የነካ ሰው የለም። ኋላ ግን ካፖርቱን ክንዳቸው ላይ አጠፉና ተከተሏት።

ከሰዓት በኋላ አናጺ መጣ። ልብስ ሰፊው ቤት ረጅም መሰላል አቁሞ፣ በሩ በኩል ካለው ጤነኛ ጎን ኮርኒሱን ቀድዶ በባትሪ አየ። ወለሉን የተሸከሙት አምስት አግዳሚ እንጨቶች ናቸው አለ። ግድግዳው ውስጥ ለዓመታት ያፈሰሰ ቧንቧ የሦስቱን ጫፍ አበስብሶታል። ካቻቢቴውን ወደ አንዱ ገፋ፤ እስከ እጀታው ገባ። ወርዶም፣ ያ እብነ በረድ ገብቶ ነበር ብሎ ጠየቀ። አልገባም ሲሉት ራሱን ነቀነቀና ወለሉ ከሥሩ በቋሚ እንጨቶች ይደገፍ ብሎ ሄደ። አክስት ደረጃው ላይ፣ እብነ በረዱ ጎን ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ከሚሊ ጋር አልተነጋገሩም። ሲሄዱ ግን ደብተሩን ይዘውት ሄዱ፤ እናቷ ይመልሱት ይሆን ስትል ሚሊ አላውቅም አለች።

ሰኞ ቀለም ቀቢው ሳይገባ ተመለሰ። ሳህኖቹ በካርቶን፣ ቡፌው ሁለት ቦታ ተፈትቶ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። ባዶው ግድግዳ ላይ የቀሩት አራቱ ካሬዎች ብቻ። ሚሊ ከታችኛው ጠርዛቸው ሜትሩን ወደ ወለሉ ጣለች፤ የመጀመሪያው እሁድ ቁመቱ ዘጠና ሴንቲ ሜትር ነበር። አሁን ዘጠና ሴንቲ ሜትር ከዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሆኗል። ክብደቱ ከተነሳለት ከሁለት ቀን በኋላ ወለሉ ከወረደው አስራ አንድ ሚሊ ሜትር የተመለሰው ሁለቱን ነው።